ቀበሮን ስለ ማደንና ለዚሁ ስለሚገባው ጠመንጃ

በግና ፍየል የሚያረባ ሰው መንጋው በሌሊት በተደፈረ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ጠመንጃውን ነው፤ ቀጥሎም ወደ ወረዳው ሹም መጥቶ እንዲተኩስ ይፈቀድለት ዘንድ ይለምናል። ሹሙም የባለ ከብቱን ኀዘን አይቶ ቶሎ ለመፍቀድ ይቸኩላል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ፈቃድ የሰው ሕይወትና የሕግ ክብር ያለበት ስለ ሆነ፣ አውሬው ምንድር ነው፣ ስፍራው እንዴት ያለ ነው፣ መሣሪያውስ የትኛው ነው የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ሊሰጥ አይገባውም።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ በሐዋሳና በዙሪያዋ ላሉት ሹማምንት ያስፈልጋል። ሐዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆና በየጊዜው እየሰፋች በመሄዷ፣ የከብቱ በረት፣ የእንሰቱ ጓሮና የሰው መኖሪያ ቤት ተጠጋግተዋል። በዚህ ስፍራ በሌሊት የሚተኮስ ጥይት አውሬውን ቢስት የሚያርፍበትን ማንም አያውቅም።

ስለ አውሬው አስቀድሞ መነገር ያለበት የስሙ መደባለቅ ነው። አንዱ ሰው ቀበሮ የሚለውን ሌላው ተኩላ ይለዋል። በቆላውና በወይና ደጋው ግልገል የሚነጥቀው ግራጫ ወይም ቢጫማ መልክ ያለው፣ አለዚያም ጀርባው ጥቁር የሆነው ቀበሮ ነው። ግራጫውን ሊቃውንት እስከ ቅርብ ጊዜ ከእስያው ቀበሮ ጋራ አንድ አድርገው ሲቈጥሩት ኖረው፣ በ2007 ዓ.ም. የወጣ የዘር ምርመራ ራሱን የቻለ የአፍሪካ ተኩላ መሆኑን አስረድቷል። ከዚህ ፈጽሞ የሚለየው ግን ቀይ ቀበሮ ነው። ጠጕሩ ቀይ፣ ጕሮሮውና ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ረዥም፣ አፉ ቀጭን፣ የጅራቱም ጫፍ ጥቁር ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በሌላ አገር አይገኝም፤ የቀረውም ቍጥር በጥቂት መቶዎች የሚቈጠር ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ተራሮች ይኖራል። ዋና ምግቡ የደጋ አይጥና ፍልፈል ነው። ስለዚህ ወደ ባሌና ወደ አርሲ ከፍተኛ ደጋ በተጠጋ ወረዳ ያለ ሹም፣ አውሬው በቀን ብርሃን ተለይቶ ሳይታወቅ «ቀበሮ ነው» በሚል ቃል ብቻ ቢፈቅድ፣ ለአገሪቱ የማይተካ ሀብት እንዲጠፋ ፈቀደ ማለት ነው።

ስለ ሕጉም ሁለት አዋጆች አብረው ሊታዩ ይገባል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንና ማዘዋወርን ይከለክላል። እንግዲህ የጠመንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ የአደን ፈቃድ አለው ማለት አይደለም፤ የአደን ፈቃድ ያለውም በማናቸውም መሣሪያ ይተኩስ ማለት አይደለም። ሹሙ አንዱን ወረቀት አይቶ ሌላውን ሳይጠይቅ ቢያልፍ፣ ሕግ አስከባሪው ራሱ ሕግ አፍራሽ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ስለ መሣሪያው ይመጣል። በገጠሩ የሚበዙት ከአባት የወረዱ የቀድሞ የጦር ጠመንጃዎችና ክላሽንኮቭ ናቸው፤ ሁሉም ለጦርነት የተሠሩ ናቸው። የእነ ምንሽርና የእነ ቤልጅግ ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ቀበሮው ግን ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ15 ኪሎ ግራም አያልፍም። ጥይቱ አውሬውን በስቶ ካለፈ በኋላ ኃይሉ አላለቀም። ክላሽንኮቭ ደግሞ ተኳሹን ጥይት እንዲያበዛ ስለሚያደፋፍረው፣ በመንደር አጠገብ ለዚህ ሥራ ከቶ ሊፈቀድ አይገባም።

ሰው በተቀመጠበት አገር የሚሻለው ፍንጣሪ ርሳስ የሚተኩሰው የአደን ጠመንጃ ነው። ፍንጣሪው ከጥቂት መቶ ሜትር አልፎ አይሄድም። ነገር ግን አውሬውን በእርግጥ የሚገድለው እስከ 35 ሜትር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ ተኳሹ ታጋሽ መሆን አለበት። ለወፍ የሚሆነው ደቃቅ ፍንጣሪ ቀበሮን አቍስሎ ይሰደዋል እንጂ አይጥለውም፤ ስፋቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን። በሜዳማና ሰው በሌለበት ስፍራ፣ ከኋላው ኰረብታ ወይም የአፈር ግንብ ካለ፣ 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ፈጣንና ቀላል ጥይት የሚተኩስ፣ በእጅ እየተሳበ የሚጐርስ ጠመንጃ እስከ 200 ሜትር ይበቃል። ሃያ ሁለት የሚባለው ትንሹ ጠመንጃ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ይወደዳል፤ ሆኖም ከ50 ሜትር በላይ ለቀበሮ አይታመንም፣ ጥይቱም ሲስት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ለጅብማ ፈጽሞ አይሆንም፤ የቈሰለ ጅብ ከጤነኛው ይልቅ ለሰው ያስፈራል።

ጠመንጃ የሌለው ሰው ሥጋ መርዞ ለመጣል ያስብ ይሆናል። ይህ ከጥይት ይልቅ የከፋ ነው። መርዝ ውሻን፣ አሞራንና ጥንብ አንሣን ሳይለይ ይፈጃል፤ ጥንብ የሚያነሡት አዕዋፍ ባለቁ ጊዜም በሽታ በሰውና በከብት ላይ ይበረታል።

የሌላው ዓለም ልምድም ሊታሰብ ይገባዋል። በአሜሪካ ኮዮቴ የሚባለው የቀበሮ ዘመድ ከመቶ ዓመት በላይ በጥይት፣ በወጥመድና በመርዝ ሲሳደድ ኖሮ፣ በመጥፋት ፈንታ ወደ ምሥራቁ ጠረፍና ወደ ታላላቅ ከተሞች ተስፋፋ። በየቦታው የሚጣል ምግብ እስካገኘ ድረስ ከሞቱት የተረፈው ይወልዳል። በሐዋሳ በአሞራ ገደል የዓሣ ትራፊ አባ ኮዳን እንደሚሰበስብ ሁሉ፣ በሜዳ የተጣለ የከብት በድንና የቄራ ትራፊም ቀበሮንና ጅብን ወደ በረት ይጠራል።

ስለዚህ ፈቃድ ጠያቂው አስቀድሞ በረቱን በእሾኽ ማጠሩ፣ ግልገሎቹን በሌሊት ቤት ማስገባቱ፣ በድን መቅበሩና ውሻውን የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ማስከተቡ ይመርመር። ክትባቱ ለባለቤቱም ለአገርም ነው፤ ይኸው በሽታ ከውሾች ተላልፎ የባሌን ቀይ ቀበሮዎች ደጋግሞ ፈጅቷልና። ያለዚህ የሚተኮስ ጥይት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥፋቱ ካልቆመ፣ ሹሙ ነገሩን ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለ ሥልጣን ያስታውቅ። ሲፈቀድም የተኳሹ ስም፣ የመሣሪያው ዓይነትና ቍጥር፣ ስፍራውና ቀኑ በጽሑፍ ይስፈር፤ ጎረቤቶችም አስቀድመው ይነገራቸው። ባለ ከብቱ ግልገሉን ቢያጣ ሌላ ያረባል፤ በጨለማ በተሳተ ጥይት የወደቀ ልጅ ግን በካሣ አይመለስም።