የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም



እንደሚታወቀው ሁሉ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ በአሶሳ ከተማችን የውሃ ነገር ያሳስበናል። ውሃ በፈረቃ ሲደርሰን አንዱ ቤት ቀድቶ ሲጠግብ ሌላው ባዶ ጀሪካን ይዞ ያድራል። በዚህ ወቅት በየቤታችን የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ዝም ብለን ማየት አይገባንም።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የራሴ ጥፋት ነው። የደጄ ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ወራት አልፎት ነበር። ባለቤቴ «አሠራው እንጂ» ስትለኝ «ጠብታ ምን ታመጣለች» እያልኩ ከሥሩ ባልዲ አስቀመጥኩ። አንድ ቀን ከዳገቱ በላይ የሚኖሩ፣ ውሃው ኃይል አጥቶ የማይደርስላቸው አንዲት እናት መጡ። ባልዲዬ ሞልቶ ሲፈስ አዩና «ልጄ፣ አንተ ጠብታ የምትለው ለኔ የቀን ውሃዬ ነበር» አሉኝ። አፈርኩ። በማግስቱ ሠራሁት። የፈጀብኝም ግማሽ ሰዓትና አንዲት ትንሽ ጎማ ብቻ ነው።

እናታችን ያሉት እውነት ነው። በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚንጠባጠብ ቧንቧ በቀን እስከ 20 ሊትር ያፈሳል። ይህ አንድ ጀሪካን ማለት ነው። አሥር ቤት እንዲህ ቢያፈስ በቀን አንድ በርሜል ሙሉ ውሃ አፈር ጠጣው ማለት ነው። ሂሳቡን ደግሞ የምንከፍለው እኛው ነን።

ከገንዘቡ የሚብሰው ጤናችን ነው። መስመሩ ውስጥ ውሃ ሲኖር በቀዳዳው ወደ ውጭ ይፈሳል። ፈረቃው አልቆ ውሃው ሲቋረጥ ግን ቧንቧው ባዶ ይሆንና በዚያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ተመልሶ ውሃ ሲመጣ ያንን ይዞ ወደ ማሰሯችን ይገባል። ተቅማጥና ታይፎይድ እንዲህም ይመጣል። ውሃ በሞተር በቀጥታ ከመስመሩ መሳብም ይህንኑ ያብሳል፤ የጎረቤትንም ድርሻ ይወስዳል። የሚንጣለለው ኩሬና ክዳን የሌለው ታንከር ደግሞ የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ወባን የማያውቅ የአሶሳ ሰው የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ቀላሉን ራሳችን መሥራት እንችላለን።

አንደኛ፦ የማይታይ ፍሳሽ መኖሩን ለማወቅ ውሃ ባለበት ሌሊት ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ የቆጣሪውን ቁጥር በወረቀት ጻፉ። ታንከር ያለውም የታንከሩን መግቢያ ይዝጋ። ጠዋት ማንም ሳይቀዳ ደግማችሁ እዩ። ቁጥሩ ከተለወጠ ከመሬት በታች ወይም ከግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ አለ። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው፤ ቀዮቹ ከሜትር ኩብ በታች ያለውን ይቆጥራሉ። ስለዚህ ቀዮቹን ተመልከቱ።

ሁለተኛ፦ ተዘግቶ የሚያንጠባጥብ ተራ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው በውስጡ ያለችው ጎማ ስታልቅ ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ ዝጉና በመስመሩ የቀረው ውሃ ይፍሰስ። የቧንቧውን ራስ በጨርቅ ሸፍናችሁ በመፍቻ ወደ ግራ ፍቱ። ያለቀችውን ጎማ አውጥታችሁ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ በልኳ ግዙ። እንዲያው በጉልበት አጥብቆ መዝጋት መፍትሔ አይደለም፤ ጎማዋን ይበልጥ ይበላታል።

ሦስተኛ፦ መገጣጠሚያው ላይ የሚያፈስ ከሆነ ፈትታችሁ ጥርሱን አጽዱና አዲስ ቴፍሎን ጠምጥሙ። አጠማጠሙ ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይሁን። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ስታጠብቁት ይፈታል።

አራተኛ፦ የፕላስቲክ ቧንቧ ሲሰነጠቅ በፌስታልና በገመድ አስሮ መርሳት ልማድ ሆኗል። ይህ ለአንድ ቀን ማስታገሻ እንጂ ጥገና አይደለም። የተሰነጠቀው ተቆርጦ በመገጣጠሚያ ይቀጠል። በብርድ አገር ቧንቧ የሚፈነዳው ውሃው በረዶ ሲሆን ነው፤ በእኛ አገር ግን ፀሐይዋ ፕላስቲኩን አድርቃ ትሰነጥቀዋለች። ስለዚህ በግቢ ላይ የተዘረጋ ቧንቧ ቢያንስ ክንድ ያህል ተቆፍሮ ይቀበር።

አምስተኛ፦ ውሃ ጠፍቶ ሳለ ቧንቧ ከፍታችሁ አትሂዱ። ሌሊት ሲመጣ ፈስሶ ያድራል። የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ያለውም ሰው ቆጣሪውን አጥፍቶ ካልሆነ እንዳይነካው፤ ለዚህ ባለሙያ ይጠራ።

ከቆጣሪው በፊት ያለውን መስመር ግን ማናችንም መነካካት የለብንም። እዚያ ፍሳሽ ያየ ለውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ያመልክት፤ ለማኅበሩም ይንገር፤ ተከታትለን እናስፈጽማለን።

የማኅበሩ ኮሚቴ አንድ ሐሳብ እንዲያይልን እጠይቃለሁ። ሁላችንም መፍቻና ፒንሳ መግዛት አንችልም። ማኅበሩ አንድ ሙሉ የመሣሪያ ሣጥን ገዝቶ በየተራ ቢያውሰን ወጪው ለእያንዳንዳችን ቀላል ነው። በሰፈራችን ከቴክኒክና ሙያ የቧንቧ ሥራ ተምረው የተቀመጡ ልጆች ካሉም ከበድ ያለውን ሥራ ለነሱ ሰጥተን የድካማቸውን እንክፈላቸው። በተለይ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቤት በቅድሚያ እንይ።

ወገኖቼ፣ በክልላችን በጉባ የተሠራው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ለዚያ ግድብ ያልተዋጣ የለም። ዓባይን ያህል ወንዝ የገደበ ሕዝብ የደጁን ጠብታ ማቆም አያቅተውም። ለውዱእ የሚታጠበውም፣ ቡና የምታፈላዋም፣ ልጇን የምታጥበውም ከአንድ መስመር ነው የምንቀዳው። በእኔ ደጅ የፈሰሰው ከእናንተ ማሰሮ የጎደለው ነው።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት እስቲ ቧንቧችሁን ጠጋ ብላችሁ አድምጡት።

የማኅበሩ ጸሐፊ