በቤት ውስጥ ትንሽ ጦር ስለ ማሰለፍ

ጨዋታ ሁሉ ጊዜ ማባከኛ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ሰንጠረዥና ገበጣ አእምሮን የሚያነቁ መሆናቸውን አባቶቻችን አሳምረው ያውቁ ነበር። በተለይም በቀድሞው ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ፥ ወረራ በሚባለው ክፍል፥ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጦራቸውን ባንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ ስለ ነበረ ፍጥነትና ማስተዋል እኩል ይፈተኑ ነበር። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምንጽፈው ከዚሁ ወገን ስለሚቈጠር፥ ነገር ግን በአውሮፓ ስላደገ ሌላ ጨዋታ ነው። ይኸውም ከፕላስቲክ ወይም ከብረት የተሠሩ ትንንሽ የወታደር ምስሎችን ቀለም ቀብቶ፥ በታሪክ የተደረገውን ውጊያ በገበታ ላይ እንደገና መመርመር ነው።

የዚህ ጨዋታ መነሻው ለቀልድ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1824 ዓ.ም. ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩስያ መኮንን፥ አባቱ የጀመረውን አሻሽሎ፥ መኮንኖች በካርታ ላይ በዳኛ ፊት ጦር የሚያዋጉበትን ደንብ አወጣ። በ1893 ዓ.ም. ደግሞ ዊልያም ብሪትን የተባለው እንግሊዛዊ አሻንጉሊት ሠሪ የወታደሮቹን ምስል ውስጡን ባዶ አድርጎ ማውጣትን ስለ ጀመረ ዋጋቸው ረከሰና በብዙ ቤት ገቡ። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስም በ1913 ዓ.ም. «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው በቤቱ ወለል ላይ ምስሎችን እያሰለፈ፥ ትንሽ እንጨት በሚወረውር ባለ ሞላ መድፍ ይጫወት ነበር፤ ሆኖም በዚያው መጽሐፍ ትልቁ ጦርነት ምን ያህል ከልክ ያለፈ ጥፋት እንደ ሆነ ለአንባቢው አስገንዝቧል። ዓመት ብቻ ቈይቶ በ1914 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ይህን ጨዋታ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ብዙዎች የሚሰናከሉት ገንዘብ በማጣት ሳይሆን ከመጠን በላይ በመመኘት ነው። አንድ ልጅ ዋተርሎን ወይም የእኛን ዓድዋ በሙሉ አሰልፋለሁ ቢል፥ ምስሎቹ በመቶ የሚቈጠሩ ስለሚሆኑ ቀለም ሳይነካቸው በሣጥን ውስጥ ይቀራሉ፤ ልጁም ይሰለቻል፥ የአባቱም ገንዘብ ይባክናል። ስለዚህ ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚጋጠሙበት በትንሹ ውጊያ መጀመር ይሻላል። በትልቁ ጨዋታ አንድ ምስል የሃያ ወይም የሠላሳ ወታደር ምትክ ሲሆን፥ በትንሹ ውጊያ ግን አንዱ ምስል አንድ ሰው ነው። ስለዚህም እያንዳንዱ ሰው ምን እንዳየ፥ ምን እንደ ፈራና ማንን እንደ ሰማ መጠየቅ ይቻላል።

ለምሳሌ በእስፓኝና በፖርቱጋል ከ1808 እስከ 1814 ዓ.ም. የተደረገውን ጦርነት እንውሰድ። የእስፓኝ ሕዝብ በናፖሌዎን ላይ በተነሣ ጊዜ ያደረገው ውጊያ «ጌሪላ» ተባለ፤ ትርጓሜውም ትንሽ ጦርነት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ በብዙ ቋንቋ ገብቷል፤ እኛ ሽምቅ ውጊያ የምንለው ነው።

በዚህ ጦርነት እንግሊዞች በ1800 ዓ.ም. ያቋቋሙት ባለ አረንጓዴ ልብስ ተኳሽ ክፍል ነበራቸው። ጠመንጃው ቤከር ይባላል፤ በአፈ ሙዙ ውስጥ ጥምዝ ፈር ስላለው የሠለጠነ ሰው እስከ 180 ሜትር ያህል አነጣጥሮ ይመታበት ነበር። የፈረንሳይ ወታደር የያዘው ልሙጥ ጠመንጃ ግን ከ100 ሜትር በላይ አንድን ሰው ለይቶ መምታት አይሆንለትም። ሆኖም ልሙጡ በአንድ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ሲተኰስ ቤከር ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ይተኰሳል። ስለዚህ ተኳሾቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ፥ አንዱ ሲተኵስ ሁለተኛው ጠመንጃውን አጉርሶ ይጠብቅ ነበር። በፈረንሳይም ወገን ቮልቲዠር የሚባሉ፥ በዋናው ሰልፍ ፊት ተበትነው የሚዋጉ ፈጣን ወታደሮች ነበሩ። የጨዋታው ጣዕም ከዚህ ይመጣል፤ አንዱ ከሩቅ ይመታል፥ ሌላው በብዛትና በፍጥነት ይቀርባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ባለ አረንጓዴ ተኳሾች በሁለት ምድብ፥ ከአንድ መኮንንና ከአንድ ሳጅን ጋር ይበቃሉ። ለተቃራኒው ወገን 18 ቮልቲዠሮች በሦስት ምድብ፥ እንዲሁም አንድ መኮንንና አንድ ሳጅን ይሁኑ። ድምሩ 34 ምስል ነው። የምስሎቹ ቁመት 28 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ለዓይንም ለእጅም ይመቻል።

ቀለም መቀባቱም ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ትርፉን በስለታም ቢላዋ አንሥቶ፥ ምስሉን በሳሙና ውሃ አጥቦ ማድረቅ፤ ቀጥሎም መደብ ቀለም መቀባት ያስፈልጋል። ከዚያም አራት አራቱን ብቻ እየያዙ፥ አንዱን ቀለም በአራቱም ላይ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ማለፍ ነው። ባለ አረንጓዴው ክፍል ልብሱ ባንድ ቀለም፥ ቀበቶውም ጥቁር ስለ ሆነ ለጀማሪ እጅ ቀላል ነው፤ ፈረንሳዮቹንም በረጅም ካፖርት ያሉትን መምረጥ ድካም ያስቀራል። በመጨረሻ ቫርኒሽ ቀብቶ፥ እግሩ በተጣበቀባት ክብ ሰሌዳ ላይ ሙጫና አሸዋ ማድረግ ይገባል። የያዙትን ሳይጨርሱ ሌላ ሣጥን አለመግዛት ዋናው ደንብ ይሁን። የድሮ ምስሎች እርሳስ ስላለባቸው ትንንሽ ልጆች ወደ አፋቸው እንዳያስገቧቸው፥ የነካቸውም ሰው እጁን እንዲታጠብ አደራ እንላለን።

የጦሩ ሜዳ በየጐኑ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገበታ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ጨርቅ አንጥፎ ከሥሩ መጻሕፍት ቢያደርጉ ኮረብታ ይሆናል፤ ጠጠሩ ቋጥኝ፥ የደረቀው ቅርንጫፍ ዛፍ ይሆናል።

ለመጀመሪያው ውጊያ የሚስማማ እውነተኛ ታሪክ አለ። በመጋቢት 19 ቀን 1810 ዓ.ም. ሌሊት፥ በጄኔራል ፌሬ የሚመሩ ፈረንሳዮች በፖርቱጋል ድንበር አጠገብ ባርባ ዴል ፑዌርኮ በተባለ ስፍራ የአግዌዳን ወንዝ ድልድይ ተሻግረው እንግሊዞቹን በድንገት ሊይዙ ሞከሩ። ብዛታቸው ከዘበኞቹ እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ዳሩ ግን በዳገቱ ላይ የነበሩት ጥቂት ባለ አረንጓዴዎች ጓደኞቻቸው እስኪደርሱላቸው ድረስ ታግለው ያዙአቸው፥ ፈረንሳዮቹም ተመለሱ። ይህን በገበታ ላይ ለማድረግ ሁለት ዘበኞችን በድልድዩ፥ አንዱን ምድብ በዳገቱ ማስቀመጥ፥ ሁለተኛውንም ምድብ በዕጣ ሲወጣለት ማስገባት ነው። ጨለማ ስለ ሆነ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚታየው ጠመንጃ የተኰሰ ብቻ ይሁን። በስምንት ዙር ውስጥ ፈረንሳዮች የዳገቱን ራስ ከያዙ አሸነፉ።

ስለ ደንቡም፥ በዚህ ዘመን ከሚሠራባቸው መጻሕፍት አንዱ ሁለተኛ እትሙ በ2016 ዓ.ም. የወጣው «ሻርፕ ፕራክቲስ» ነው። በእርሱ ደንብ የየመሪው ካርታ ተበውዞ ይወጣል፤ ካርታው የወጣለት መሪም በአጠገቡ ያሉትን ያዝዛል። የተኵሱ ውጤት ስድስት ገጽ ባላት የዕጣ ጠጠር፥ ዳይስ በሚሏት፥ ይታወቃል። የወደቀው ብቻ ሳይሆን የተረፈው ሰው ድንጋጤም ይቈጠራል። ስለዚህ መልካም ዕቅድ ያወጣ ልጅ ትእዛዙ ሳይደርስ ሲቀር ያያል። በሰንጠረዥ ፈረሱ ሁልጊዜ ታዛዥ ነው፤ በዚህ ግን ሰው ይደክማል፥ ይፈራል፥ መሪውንም ያጣል። ሰዎችን ለማዘዝ ለተሾመ ወይም ለሚሾም ሰው ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት በጨዋታ አይገኝም።

እንግዲህ አባት ወይም እናት ከልጆቻቸው ጋር በዚህ ገበታ በተቀመጡ ጊዜ አንድ ነገር እንዳይረሱ እንመክራለን። በባርባ ዴል ፑዌርኮ ዳገት የወደቁት ሰዎች በእርግጥ የወደቁ ናቸው፤ ቤት ያላቸው፥ የሚጠብቃቸው ያላቸው ነበሩ። ልጅ «ሦስት ገደልሁ» ብሎ ሲደሰት፥ እነዚያ ሦስቱ ከየት እንደ መጡና ስለ ምን እንደ ተላኩ መጠየቅ፥ ከጨዋታውም በኋላ ታሪኩን አብሮ ማንበብ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ጨዋታው ጦርነትን ቀላል አስመስሎ ያሳያል፤ ከተደረገ ግን ክብደቱን ያስተምራል። የምስሉ ወታደር ሲመሽ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል፥ በማግሥቱም ይነሣል፤ ሰው ግን ምትክ የለውም። ይህን ያወቀ ልጅ ባደገ ጊዜ ሌላውን ወደ ጦር ለመላክ አይቸኵልም፤ መከላከል ግድ በሆነበትም ቀን የሚያዝዛቸውን ሰዎች ነፍስ አያቃልልም።