ሽልማቱ የሯጯ ነው፤ ያሰለጠናትስ?

አንዲት ታዳጊ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ ተነሥታ ደብረ ብርሃን አትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል ገባች እንበል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ያደገች ልጅ ናት፤ ትንፋሿ የደጋው ነው። መኝታዋ፣ ቀለቧ፣ ጫማዋና አሰልጣኟ ግን በሕዝብ ገንዘብ የተሸፈኑ ናቸው። ስትጎለብት የአዲስ አበባ ክለብ ደመወዝ ቆርጦ ይወስዳታል፤ ቀጥሎ በማናጀር በኩል ውጭ አገር ትሮጣለች። ከምታገኘው ሽልማት ለማዕከሉ ሊደርሰው ይገባል?

ይገባል የሚሉት ጠንካራ ምክንያት አላቸው። በእግር ኳስ ተጫዋች በዝውውር ሲሸጥ፣ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ያሰለጠኑት ክለቦች ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶውን እንዲካፈሉ ፊፋ ደንግጓል። በአትሌቲክስ ግን እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ ሥርዓት የለም። ማዕከሉ ብዙ ልጆችን ይቀልባል፤ ለትልቅ መድረክ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ከእነሱ ምንም ካልተመለሰለት፣ ለሚቀጥሉት ታዳጊዎች ሁልጊዜ የበጀት እጅ ጠባቂ ይሆናል።

አይገባም የሚሉትም ስሌት አላቸው። የቦስተን ማራቶን አሸናፊ 150,000 ዶላር ይሸለማል። ለውጭ አገር ሯጭ በአሜሪካ በአብዛኛው 30 በመቶ ግብር ይቆረጣል፤ ይህ 45,000 ዶላር ነው። ማናጀሩ ከጠቅላላው 15 በመቶ ቢወስድ 22,500 ዶላር ይሄዳል። ለሯጯ የሚተርፈው 82,500 ዶላር ነው፤ ይህም ብዙዎች በሕይወታቸው አንዴ እንኳ የማያገኙት ድል ነው። የሯጭ ዕድሜ አጭር ነው፤ ጅማት ሲበጠስ ደመወዙም ይቋረጣል። ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ የራሷን ዕድል አስይዛ ነው የገባችው። በሸዋ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም፣ በ1964 ቶኪዮ (እ.ኤ.አ.) ሲያሸንፍ የኦሎምፒክ ደንብ ለሯጭ ክፍያን ይከለክል ነበር፤ ኑሮው የክቡር ዘበኛ ደመወዝ ነበር። ያ ዘመን መመለስ የለበትም።

የአሜሪካ ኮሌጆች ታሪክ ጉዳዩን ከሌላ ወገን ያሳያል። እዚያ ኮሌጆች ከአሜሪካን ፉትቦልና ከቅርጫት ኳስ ብዙ ገንዘብ እያፈሱ፣ ለተጫዋቾቹ ከነፃ ትምህርትና ኑሮ ወጪ የዘለለ ክፍያ ለረጅም ዘመን ከልክለው ኖረዋል። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን አላላ፤ በጁን 2025 የጸደቀው ስምምነት ደግሞ እያንዳንዱ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቹ በቀጥታ እንዲከፍል ፈቀደ። ገንዘቡን ያመጡት ወጣቶች ድርሻቸውን ማግኘታቸው ፍትሕ ነው። ነገር ግን ሩጫን ጨምሮ ገቢ የማያስገቡ ስፖርቶች ሲደጎሙ የኖሩት በዚያው ገንዘብ ስለነበር፣ ለእነሱ የሚተርፈው ቦታ እንዳይጠብ ሥጋት አለ። ለአንዱ የተገባው ክፍያ ለሌላው የዕድል በር ሊያጠብ ይችላል። የደብረ ብርሃኑ ጥያቄ ውስጥም ይህ አለ።

የመንዝ ገበሬ በጉን ለርቢ ሲሰጥ ግልገሎቹ እንዴት እንደሚከፈሉ አስቀድሞ ይስማማል፤ በጉ ከረባ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ ጠብ ይወልዳልና። ከዚህ የምወስደው የውሉን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰው የማንም ንብረት አይደለም። በእኔ እምነት ሽልማቱ የሯጯ ነው። ማዕከሉ ድርሻ የሚጠይቅ ከሆነ ልጅቱ ስትገባ፣ ወላጆቿ ባሉበት፣ በሚገባቸው አማርኛ ተነብቦ ይፈረም፤ ድርሻው ትንሽ ይሁን፣ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ ካለው ሽልማት ብቻ ይነሣ፣ የሚያበቃበት ዓመትም ይታወቅ። የተሰበሰበው ለሰልጣኞች ቀለብና ትጥቅ መዋሉ ሒሳቡ በይፋ ይለጠፍ። በምትኩ ማዕከሉ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ሊያደርግ፣ ስትጎዳም ሊያሳክማት ይፈርም። ይህን ግዴታ የማይሸከም ተቋም ድርሻ የመጠየቅ መብት የለውም።