የተሸነፈው ዳኛ

«ታፍት» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው 27ኛውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሃዋርድ ታፍትን ነው። እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን አባቱን አልፎንሶ ታፍትን ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)።

አልፎንሶ በ1810 በቬርሞንት ተወለደ፤ ዬል ተምሮ በጠበቃነት ሲንሲናቲ ከተመ፤ በኋላም የከተማዋ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። በ1869 የሲንሲናቲ የትምህርት ቦርድ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሃይማኖት ትምህርትንና የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብን ከለከለ። ይነበብ የነበረው ፕሮቴስታንቶች የሚጠቀሙበት ትርጕም ነበር፤ ለትምህርት ቤቶቹ ግብር የሚከፍሉት ግን ካቶሊኮችም አይሁድም ጭምር ነበሩ። ክልከላው ያስቈጣቸው ነዋሪዎች ቦርዱን ከሰሱ፤ ጉዳዩም ሦስት ዳኞች ፊት ተሰማ። በ1870 ሁለቱ ለከሳሾች ፈረዱ። ታፍት የልዩነት ሐሳቡን ጻፈ።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የኦሃዮ ሕገ መንግሥት አንዱን የሃይማኖት ወገን ከሌላው አያስበልጥም፤ ስለዚህ የብዙኃኑ ክርስቲያን መሆን የአይሁዳዊውንና የካቶሊኩን ልጅ መብት ሊያሳንስ አይችልም። ይህን የጻፈው ሃይማኖት የለሽ ሰው አልነበረም፤ ዩኒቴሪያን ምእመን እንጂ። መራጩ ሕዝብ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት እንደሆነም አይስተውም ነበር። (እኔ ራሴ፣ ልቤ ሌላ እያለ፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ ከብዙኃኑ ጋር እጄን አውጥቼ አውቃለሁ። በዚያ እጅ ላይ የተንጠለጠለ የአገረ ገዥነት ወንበር እንኳ አልነበረም።)

የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቂት ቈይቶ በሙሉ ድምፅ ለቦርዱ ፈረደ። የፓርቲ ፖለቲካ ግን የይግባኝ ውሳኔ አያነብም። ታፍት በ1875 የሪፐብሊካን ፓርቲ የአገረ ገዥነት ዕጩ ለመሆን ሲወዳደር ያ ጽሑፍ ተነሥቶበት ዕጩነቱ ለራዘርፎርድ ሄይስ ሆነ። ሄይስ አገረ ገዥ ሆነ፤ በ1877 ደግሞ ዋይት ሃውስ ገባ።

ታፍት በ1876 ለጥቂት ሳምንታት የጦር ሚኒስትር፣ ቀጥሎም ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ ከ1882 እስከ 1885 በቪየናና በሴንት ፒተርስበርግ አገሩን ወከለ። ተማሪዎቼ የአንድን ሰው ሕይወት በሹመቱ ብዛት ሲለኩ በሰማሁ ቍጥር ይህን ሰው እጠቅስላቸዋለሁ፤ በእኔ ዓይን ከነዚህ ሹመቶች ሁሉ ያ በሁለት ለአንድ የተሸነፈ ጽሑፍ ይበልጣልና።

አልፎንሶ ታፍት በ1891 አረፈ። ከ72 ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚካሄድ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲወስን፣ ስለ መንግሥት ገለልተኝነት የጠቀሰው ያንኑ የታፍትን የልዩነት ሐሳብ ነበር።