የ89ኙ አዋጅ የት ይገኛል?

የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በራፍ ላይ የቆመው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ምን እንደተቀመጠ ካየሁ፣ ቤቱ ማንን አስቦ እንደተሠራ መገመት አይከብደኝም። ሚዛን የያዘች ሴት፣ ከምስለ ችሎት ውድድር የመጣ ዋንጫ፣ አቧራ የጠጣ የምረቃ መጽሔት። ክፋት የለውም። የጎጃሟ ማንኩሳ ሰው ግን ከሕግ ጋር የሚተዋወቀው በዋንጫ አይደለም፤ በመሬት ነው።

በአቅራቢያዋ ባለችው ፍኖተ ሰላም ከተማ ፍርድ ቤቱ አካባቢ የራፖር ጸሐፊዎቹን ጠረጴዛ ልብ ብላችሁ እዩ። ጃንጥላ ሥር አንድ ኮምፒውተርና ፕሪንተር፣ አጠገቡ ማሰሪያው የላላ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ። ስለ ይርጋ የሚናገሩት ገጾች ጠርዛቸው በጣት ብዛት ጠቁሯል። ባለጉዳዩ ጋቢውን ሰብስቦ ዱላውን ጉልበቱ ላይ ያጋድምና ይጀምራል፤ «አባቴ በ89ኙ ድልድል ያገኘው ነው፤ ደብተሩ ግን በአጎቴ ልጅ ስም ወጣ።»

እዚህ ላይ ነው የመጽሐፍ ችግር የሚመጣው። የ89ኙ የመሬት ድልድል የተመራው በአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 16/1989 ነው። ከዚያ 46/1992 ወጣ፣ ቀጥሎ 133/1998፣ ከዚያም 252/2009። በ20 ዓመት ውስጥ አራት የመሬት አዋጅ ማለት ነው። የዚያን ሰውዬ አቤቱታ ለመመዘን ዛሬ የሚሠራውን ሕግ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ አባቱ መሬቱን በተረከበበት ቀን፣ አጎትየው በሞተበት ቀን፣ ደብተሩ በተጻፈበት ቀን የትኛው ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። አዲሱን ሕግ ማንም ልጅ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ያወርድላችኋል። የአሮጌውን ዝክረ ሕግ፣ ማለትም አዋጆቹ የታተሙበትን የክልሉን ጋዜጣ፣ ንጹሕ ቅጂ ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ክርክር ነው። የተሻረ አዋጅ ተማሪ አይፈተንበትም፣ መምህርም አያስተምረውም፤ ስለዚህ ከመደርደሪያ ወርዶ ምድር ቤት ይገባል። ባለጉዳዩ ግን አሁንም የሚሟገተው በእሱ ነው።

እኔ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ዋና ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ ሌላው ሁሉ የጣለውን ማስቀመጥ።

ለዚህ ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። ማንኩሳን አገር የሚያውቃት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የጌታቸውን ጥያቄ «አንቀበልም» ያሉ ገበሬዎች አሉ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ወጣ፤ በኅዳር 1960 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 255 በነጋሪት ጋዜጣ ታተመ። አሥራትን አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል አዋጅ ነው። የጎጃም ገበሬ ግን የሰማው ሌላ ነገር ነው፤ «ርስቴ ሊለካ ነው» ብሎ ከሞጣ እስከ ዳሞት ተነሣ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ግብሩም እንደታሰበው ሳይሰበሰብ ቀረ።

በዚያው ሰሞን፣ በ1968 እ.ኤ.አ.፣ ስድስት ኪሎ ያለው የሕግ ፋኩልቲ አባ ጳውሎስ ጻድዋ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትን ፍትሐ ነገሥት አሳተመ። ፋኩልቲው ከተከፈተ ገና አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሥራውም ትልቅ ነው፣ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ፍትሐ ነገሥቱ በመስታወቱ ሣጥን ቢቀመጥ አልቃወምም። ከጎኑ ግን አዋጅ 255ን አስቀምጡልኝ፤ ተማሪው አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ዓምድ አነጻጽሮ ያንብብና ልኬት የሚል ነገር በውስጡ ይኖር እንደሆነ ራሱ ይፈልግ። ከአዋጁ አጠገብ አንድ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ ከሱም አጠገብ ከጎጃም ተነሥቶ ሰበር የደረሰ የመሬት ፍርድ ይቀመጥ። ከ1997 ወዲህ፣ በአዋጅ 454 በተጀመረው አሠራር፣ የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የወረዳ ዳኛውንም ያስገድዳል። ጥራዞቹ ከ20 አልፈዋል። ጥራዞቹ የሌሉት የወረዳ ፍርድ ቤት በማያውቀው ትርጉም ይታሰራል ማለት ነው፤ ዳኛው ምን ያድርግ?

ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም የሕግ ትምህርት ቤት አላቸው። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ሁለቱም ጋ በአውቶቡስ ይደረሳል። ጥያቄው በሩ ላይ ነው ያለው። አንድ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ሲጠይቀኝ የቀበሌ መታወቂያዬን አወጣሁ፤ «የተማሪ ነው የምንለው» አለኝ። አልተቀየምኩትም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። መጽሐፍ እንደሚሰረቅም አውቃለሁ። ለዚህ ግን መላ አይጠፋም፤ ራፖር ጸሐፊው መጽሐፍ ውሰድ አይባል፣ እዚያው ተቀምጦ ያንብብ፣ የሚፈልገውን ገጽ ከፍሎ ፎቶኮፒ ያስነሣ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችም አሮጌዎቹን ዝክረ ሕጎች ስካን አድርገው ለወረዳ ፍርድ ቤቶች በፍላሽ ይስጡ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ጠፋን ከሚሉ ከ16/1989 ይጀምሩ።