አሮጌውን አጥፉ ማን አላችሁ?

ተመራማሪዎች በጋራ ከሚጠቀሙበት የኮምፒውተር ክላስተር አስተዳዳሪዎች የሚመጣውን «የጥገና ሥራው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል ኢሜይል ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለማን ነው የተሳካው? ሌሊቱን ወረፋ ሲጠብቅ ያደረ የተመራማሪ ሥራ ተራው ሲደርስ «ላይብረሪው አልተገኘም» ብሎ ይወድቃል። ትናንት ግን ነበር። ሳይጠይቁ አንስተው በቦታው አዲስ ቨርዥን አስቀምጠዋል።

መውደቁስ ባልከፋ፤ ወዲያው ይታወቃል። የሚያስፈራኝ ሳይወድቅ ሌላ መልስ የሚሰጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ኬሚስቶች ለዓመታት ሲቀባበሉት የኖረ የፓይተን ስክሪፕት ያንኑ ዳታ ይዞ በተለያየ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የተለያየ ቁጥር እንደሚያወጣ አጋለጡ። ስክሪፕቱ ፋይሎቹ በስም ተደርድረው ይመጡልኛል ብሎ ያምናል፤ ሲስተሙ ደግሞ እንዳሻው ይደረድራቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስክሪኑ ላይ አንድም የስህተት መልእክት አልወጣም። ታዲያ የክላስተሩን ሆድ ዕቃ በአንድ ሌሊት ገልብጦ ማደር ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

በዲሴምበር 2021 ከኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሱፐርኮምፒውተር ላይ 77 ቴራባይት ያህል ዳታ ጠፋ፤ ወደ 34 ሚሊዮን ፋይል። 14 የምርምር ቡድኖች ተጎዱ፤ የአራቱ ዳታ ከባክአፕም አልተመለሰም። ሀከር አልገባም። ሲስተሙን ያቀረበው ኩባንያ የባክአፕ ስክሪፕቱን አዘመነ፤ ያውም እየሠራ ሳለ፣ በላዩ ላይ ጽፎ! ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ባሽ ደግሞ አስቀድሞ አንብቦ አይጨርስም፤ እያነበበ ነው የሚፈጽመው። ከመሃል አዲሱን ማንበብ ሲጀምር የፎልደሩን ስም መያዝ የነበረበት ተለዋዋጭ ባዶ ሆነ። ከ10 ቀን በላይ የቆዩ ሎጎችን እንዲያጠፋ የተጻፈው ትእዛዝም ወደ ተመራማሪዎቹ ፋይሎች ዞረ። አዲሱን በሌላ ስም ጽፈው ሲያበቁ በቦታው ቢያስገቡት ኖሮ፣ የተጀመረው ሥራ አሮጌውን እንደያዘ በሰላም ይጨርስ ነበር።

አታዘምኑ አልወጣኝም። በጃንዋሪ 2022 ይፋ የሆነው፣ ፒኬኤግዜክ የተባለው የሊኑክስ ፕሮግራም የደህንነት ቀዳዳ ከ2009 ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ተራ ተጠቃሚን በቅጽበት ሩት፣ ማለትም የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን ያደርገዋል። ብዙ ሰው ሎግኢን በሚያደርግበት ማሽን ላይ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ለነገ ማሳደር ወንጀል ነው። ድፈኑት፤ ሥራውም ይቋረጥ። ግን ቀዳዳውን ስትደፍኑ የእኔን ኮምፓይለር ምን አድርጓችሁ ነው የምትነቅሉት?

«ቦታ የለም» የምትለዋን ሰበብ ደግሞ አልሰማም። ፔታባይት የሚቆጥር ማከማቻ ይዞ ለጥቂት ጊጋባይት ማልቀስ ያሳፍራል። መሣሪያውም በእጃችሁ ነው። ከጌንት ዩኒቨርሲቲ የወጣው ኢዚቢልድ፣ ከሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ የወጣው ስፓክ እያንዳንዱን ቨርዥን በየራሱ ፎልደር ይጭናሉ። አዲሱ ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል፤ ተመራማሪው የሚፈልገውን በሞጁል ይጠራል።

የዶክትሬት ተማሪ የሲሙሌሽኑን ግማሽ በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ቨርዥን ሠርቶ የገምጋሚ ጥያቄ ሲመጣበት፣ አብራችሁት አትቆሙም። መልሱን ብቻውን ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ከመሰረዛችሁ በፊት የትኛውን ሞጁል ማን እየጫነ እንደሆነ መዝግቡ፤ ይቻላል፣ ከባድም አይደለም። የሚጠቀምበት ሰው ካለ ደውሉለት። እሱ ጨርሻለሁ እስኪል ድረስ አሮጌው አይነካም።