የሱቁ ሒሳብ ከሱቁ መውጣት ያለበት መቼ ነው?

የመርካቶ ነጋዴ ሥራውን በሌላ ሰው ማሠራት አያውቅም የሚል ካለ ገበያውን የማያውቅ ሰው ነው። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ዲክላራሲዮን የሚሞላው ትራንዚተር ነው። መጋዘን የሚያፈላልገው ደላላ ነው፤ ጭነቱን የሚያወርደውም የተራው ወዛደር ነው። ይኸው ነጋዴ ወደ ደረሰኝ፣ ወደ ደመወዝ መክፈያና ወደ ወርኃዊ የግብር ማስታወቂያ ሲመጣ ግን «ይህንንስ ከቤት አላወጣም» ይላል። ሥራው ወይ በራሱ፣ ወይ በሚስቱ፣ ወይም ኮሌጅ ገብቶ አካውንቲንግ በጀመረ የወንድም ልጅ ላይ ይወድቃል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሒሳብ ምሥጢር ነው። በስንት እንደገዛ፣ በስንት እንደሸጠና ለማን ዱቤ እንደሰጠ ጎረቤት ሱቅ እንዲያውቅበት የሚፈልግ የለም። ስጋቱን አላጣጥልም። ነገር ግን ምሥጢርን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ደረሰኝ በቀን እየለዩ መመዝገብ ሌላ ነገር ነው። ነጋዴዎቻችን ሁለቱን አንድ ላይ አስረው ይዘዋቸዋል።

ወረቀቱ እንዲህ የበዛው በአንድ ጊዜ አይደለም። የተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1999 ዓ.ም. የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደንብ ወጣ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ታወጀ። ከዚያ በፊት በአንድ ደብተር ይተዳደር የነበረ ሱቅ ዛሬ በየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ ማሳወቅ ይኖርበታል። ሦስት ሠራተኛ ያለውም ሠላሳ ያለውም የሚሞላው ቅጽ ያው ነው። ትንሹን ነጋዴ የሚከብደው ለዚህ ነው።

የስህተቱን ዋጋ በብር እንየው። አንድ ነጋዴ የ200 ሺህ ብር ዕቃ ገዝቶ የግዥ ደረሰኙ ቢጠፋበት በግዥ ላይ የከፈለውን 15 በመቶ፣ ማለትም 30 ሺህ ብር፣ ከሽያጭ ታክሱ ላይ ማቀናነስ አይችልም። ከኪሱ ወጣ ማለት ነው። ዘግይቶ ማሳወቅም ዋጋ አለው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ለዘገየ እያንዳንዱ የታክስ ጊዜ ካልተከፈለው ታክስ ላይ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ቅጣት ደንግጓል። በወንድም ልጅ «ነፃ» አገልግሎት የተገኘው ቁጠባ በአንድ ደብዳቤ ይበላል።

ታዲያ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በቋሚነት ቢቀጠርስ? እንበልና ደመወዙ 12 ሺህ ብር ነው። አሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ሲጨምር 13,320 ብር፣ በዓመት 159,840 ብር ይሆናል። ኮምፒውተርና ጠረጴዛ አለ፤ በመርካቶ ኪራይ ጠረጴዛ የሚያስቀምጡበት ካሬም ገንዘብ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ ግብር ከሚታወቅበት ሳምንት ጋር ሲገጥም ማን እንደሚሠራለት አይታወቅም። በአንጻሩ ከውጭ የሚሠራ የሒሳብ ቢሮ በወር 5 ሺህ ቢጠይቅ በዓመት 60 ሺህ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ያስገባ። በወር የሚሠራው ወረቀት የአንድን ሰው ሙሉ ወር የማይሞላ ከሆነ ግን ስሌቱ በአብዛኛው ወደ ውጭ ያደላል። ሥራው በየቀኑ ሰው የሚፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍና መጋዘን ካለ፣ ያን ጊዜ ሰው መቅጠር ይሻላል።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔ የማየው ምልክት ሌላ ነው። ሱቁ በሚሞቅበት ሰዓት ባለቤቱ ጀርባውን ለገዢ ሰጥቶ ደረሰኝ የሚለይ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ባንክ ለብድር የሒሳብ መግለጫ ጠይቆት «ጥቂት ሳምንት ስጡኝ» ካለም እንደዚሁ።

ሁሉም ነገር ግን አይወጣም። ካዝናው፣ ቼኩ፣ ማኅተሙ፣ የዱቤ መዝገቡና የዋጋ ውሳኔው ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለባቸውም። የኢ-ታክስ ይለፍ ቃል ደግሞ በተለይ። የሒሳብ ሠራተኛው በራሱ ስልክና ኢሜይል አስመዝግቦ ሲጣሉ ባለንብረቱ የገዛ ፋይሉን መክፈት የሚያቅተው አለ። የሚመዘገበው ስልክ የባለቤቱ ይሁን፤ የፒችትሪው ፋይል ቅጂም በየወሩ ለሱቁ ይመለስ።

ሠሪውን መምረጥም ሥራ ነው። ሃያ ሱቅ በአንድ ቦርሳ ተሸክሞ የሚዞር የትርፍ ሰዓት ሠራተኛ ርካሽ ነው፤ በማሳወቂያው የመጨረሻ ቀን ግን ሃያው ሱቅ እኩል ይጠብቀዋል፣ እሱ ደግሞ አንድ ነው። ፈቃዱን ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ሙያውን የሚቆጣጠር የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ አለ። ለአገልግሎቱም ደረሰኝ ይቁረጥ፤ የሌላውን ደረሰኝ እያስተካከለ የራሱን የማይሰጥ ብዙ ነው፣ ያለ ደረሰኝ የከፈሉት ደግሞ ወጪ ሆኖ አይያዝም።

አንዳንዱ ነጋዴ የሚፈልገው ሒሳብ የሚይዝለት ሳይሆን ሒሳብ የሚሰውርለት ሰው ነው። ለዚህኛው ምክር የለኝም። ኃላፊነቱ በውል አይተላለፍም፤ ማስታወቂያውን ማንም ይሙላው፣ ግብር ከፋዩ በስሙ መለያ ቁጥሩ ያለው ሰው ነው። በየወሩ ከመላኩ በፊት አንድ ገጽ ማጠቃለያ አስመጥቶ ሽያጩን ከማሽኑ ሪፖርት ጋር ማስተያየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ አብዛኛው ሰው ባለሙያ የሚፈልገው ማሳወቂያው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው ያገኘውን ይይዛል፤ ያም ሰው የዓመቱን ደረሰኝ በማዳበሪያ ተረክቦ በግምት ይሞላል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ስለሆነ፣ መስጠት ያሰበ ነጋዴ ሰኔ ላይ ውሉን ተፈራርሞ፣ ሰኔ 30 የዕቃ ቆጠራውን ከአዲሱ ሒሳብ ያዥ ጋር አብሮ ቢቆጥር የመክፈቻው ቁጥር ላይ ሁለቱም ይስማማሉ።